150–600 ሚሊሜትር ሌንስ ለጉጉት ፎቶ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ሌንሱን ያገለገለ ነው የገዛሁት። ዘጠኝ ወር ሆነኝ። የምኖረው ሐዋሳ ስለሆነ መጀመሪያ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ይዤው ሄድኩ። አባ ኮዳው እግርህ ሥር ቆሞ ዓሣ በሚጠብቅበት ቦታ ግን ሩቁን የሚያቀርብ 600 ሚሊሜትር ምን ያደርጋል? እኔም የገዛሁት ለጉጉት ነበር።

በፊት 300 ነበረኝ። ባሌ ዲንሾ፣ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት አካባቢ ባለው የኮሶና የጥድ ደን፣ ቀን ቀን ዛፍ ላይ የምታርፍ ባለረጅም ጆሮ ጉጉት አለች። ለመጠጋት ስሞክር ሁሌም ቀጥ ብላ፣ ቀጥና፣ ጆሮ የሚመስሉትን ላባዎቿን አቁማ አገኛታለሁ። ተፈጥሮዋ ይመስለኝ ነበር። አስጎብኚያችን ነው የነገረኝ፦ «ወንድሜ፣ ይቺ እኮ ፈርታ ነው። እንጨት ለመምሰል ነው የቀጠነችው።» ቤት ገብቼ የድሮ ፎቶዎቼን አየሁ። ሁሉም ላይ የፈራች ወፍ ናት። በጣም ነው ያዘንኩት።

አሁን 25 ሜትር ያህል ርቄ እቆማለሁ። የካሜራዬ ሴንሰር ትንሹ ዓይነት ስለሆነ 600ው እንደ 900 ያቀርባል። ወፏ ዓይኗን ገርበብ አድርጋ፣ ክብ ሆና ታንቀላፋለች። ላባዎቹ ከቆሙ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። እናቴ ጉጉት ክፉ ወሬ ታመጣለች ብላ የምታምን ሴት ናት። የተኛችውን ፎቶ ስታይ ግን «ውይ፣ ሕፃን ትመስላለች» አለች። ለእኔ ሌንሱ ዋጋውን የመለሰው ያኔ ነው።

ችግሩ ብርሃን ነው። 600 ላይ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ከኤፍ 6.3 በላይ አይከፈትም (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ኮሶ ሥር ደግሞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንኳ ጨለም ይላል። ወፏ ስለማትንቀሳቀስ ትራይፖድ ላይ አስሬ፣ በ1/60 ሰከንድ ደጋግሜ አነሳለሁ። ከአስሩ ሦስቱ ጥርት ይላሉ። ነፋስ ቅርንጫፉን ካወዛወዘው ግን በቃ፣ የለም። ፍላሽ አልጠቀምም። በጨለማ አድና የምትበላ ወፍ ዓይን ላይ ብርሃን መልቀቅ አልፈልግም።

ኦቶፎከሱ፣ ማለትም ምስሉን በራሱ የሚያጠራው፣ ቅጠል መሀል ወፏ ትጠፋበታለች። ጎኑ ላይ ያለውን ማብሪያ ከ10 ሜትር ወዲያ ብቻ እንዲፈልግ ካደረግኩት ወዲህ ተሻሽሏል።

ክብደቱ 2 ኪሎ ገደማ ነው። ሐዋሳ ላይ ምንም አይመስልም። ዲንሾ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ዳገት ስትወጣ ግን ትንፋሽ ያሳጥራል። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ወደ ታች ሳዘነብለው በራሱ መርዘም ጀመረ። ስለዚህ ስሄድ ሁሌም እቆልፈዋለሁ። ከብርዱ ወደ ሞቀ ክፍል ስገባም ቦርሳውን ቶሎ አልከፍትም፤ መስታወቱ ጉም ይለብሳል።

ለሐይቁ ወፎች ብቻ ከሆነ 400 ይበቃል፤ ይህን አትግዙ።

በቅርቡ ወንዶ ገነት ደን ውስጥ አመሸሁ። ጆሮ የሌላት፣ ዓይኗ ጥቁር የሆነችው የደን ጉጉት ከባልዋ ጋር እየተቀባበሉ ይጮሁ ነበር። 600 ላይ ምንም አይታይም። ወደ 150 መለስኩት፤ እዚያ ኤፍ 5 ይከፈታል። ያገኘሁት ቅርንጫፍ ላይ የተቀመጠች ጥላ ብቻ ነው። እሱን አሳትሜ ሳሎን ሰቅየዋለሁ።