የድሮ ጌሞችን በቴሌቪዥን ለመጫወት የትኛው መሣሪያ ይሻላል? ከምስል ችግር አንጻር የቀረበ ንጽጽር

አዳማ ውስጥ ፍራንኮም ሆነ ፖስታ ቤት አካባቢ ወደሚገኝ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቶ የድሮ ጌሞችን በኢሙሌተር (የድሮውን የጌም ማጫወቻ በሚያስመስል ፕሮግራም) የሚያጫውት መሣሪያ የሚጠይቅ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚነገረው መሣሪያው ስንት ሺህ ጌም እንደያዘ ነው። ቤቱ ወስዶ ሲሰካው ግን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ምስሉ ያለ ቀለም ይመጣል ወይም ከላይ ወደ ታች ይንከባለላል። እነዚህ ችግሮች በአብዛኛው ከመሣሪያው ብልሽት አይመጡም፤ መሣሪያው የሚልከው የምስል ዓይነትና ቴሌቪዥኑ የሚቀበለው ሳይጣጣሙ ሲቀሩ የሚፈጠሩ ናቸው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የቴሌቪዥንዎን ጀርባ አይተው የትኞቹ መሰኪያዎች እንዳሉት ይመዝግቡ። ቀጥሎ የኔንቲዶ ዊን፣ ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተባለውን ባለ አንድ ቦርድ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስንና በተለምዶ ጌም ስቲክ የሚባለውን አነስተኛ መሣሪያ በዚሁ መነሻ አነጻጽራለሁ።

አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የነበሩት ኮንሶሎች (የጌም ማጫወቻዎች) የሚሠሩት ምስል በጣም ትንሽ ነው፤ የኔንቲዶው ፋሚኮም 256 በ240 ፒክስል (የምስል ነጥብ)፣ የሴጋው ሜጋ ድራይቭ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 320 በ224 ነው። እነዚህ ኮንሶሎች 240 መስመር ገደማ ያለውን ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ፣ ሁልጊዜም በዚያው መስመር ላይ ደጋግመው ይልኩ ነበር፤ ጀርባው የወጣው የድሮ ቴሌቪዥንም እንደመጣለት ያሳየዋል። አብዛኛው ፍላት ቴሌቪዥን ግን ይህንኑ ምልክት ለሁለት የተከፈለ የ480 መስመር ምስል አድርጎ ስለሚወስደው፣ የማይገናኙ ሁለት ምስሎችን ለማዋሐድ ይሞክራል። ጠላት ሲነካው ብልጭ ድርግም የሚል ገጸ ባሕርይ በፍላት ስክሪን ላይ ለቅጽበት ጨርሶ የሚጠፋው ወይም እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰነጣጥቆ የሚታየው ከዚህ የተነሳ ነው።

ቤትዎ ያለው የድሮው ቴሌቪዥን ከሆነ፣ ከአራቱ የእኔ ምርጫ ያለ ማመንታት ዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ይህ ኮንሶል ከቀይ፣ ነጭና ቢጫ ኬብል ጋር ይመጣል፤ ሆምብሩ ቻናል (ከኔንቲዶ ውጭ የተሠሩ ፕሮግራሞችን የሚያስከፍት) ከተጫነበት በኋላም እንደ ስኔስ ናይን ኤክስ ጂኤክስ ያሉት ኢሙሌተሮች ትክክለኛውን የ240 መስመር ምስል ሳይለውጡ ማውጣት ይችላሉ። ለዚህም በኢሙሌተሩ የቪዲዮ ሜኑ ውስጥ «ኦሪጅናል» የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ፒክስሎቹ በየመስመራቸው ቁጭ ብለው፣ በመካከላቸው ያለው ቀጭን ጥቁር ክፍተት ሳይቀር ሲታይ፣ ጌሙ ሲሠራ የታሰበው መልክ ይህ እንደነበር በግልጽ ይገባል። ውድ ፍላት ስክሪን እንኳ በፊልተር የሚያስመስለውን መልክ ብዙ ሰው አሮጌ ነው ብሎ ሊጥለው ያሰበው ቴሌቪዥን ያለ ምንም ድካም ይሰጣል።

ዊ ሲገዛ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከየትኛው አገር እንደመጣ ነው። የአሜሪካው ዊ በኤንቲኤስሲ የቀለም ሥርዓት ይሠራል፤ ፓል የተባለውን ሌላውን የቀለም ሥርዓት ብቻ የሚቀበል ቴሌቪዥን ላይ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሊሆን፣ አልፎም ሊንከባለል ይችላል። የአውሮፓው ዊ ግን በሴቲንጉ ውስጥ 50 ወይም 60 ኸርዝ ስለሚያስመርጥ፣ ምስሉ በ60 ከተንከባለለ ወደ 50 መመለስ ይቻላል። ከዚህ የሚብሰው የኃይል አስማሚው ነው፤ ከአሜሪካ የመጣው አስማሚ ለ120 ቮልት የተሠራ በመሆኑ እኛ ቤት ባለው 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ዊ ሚኒ የሚባለውን ደግሞ ዋጋው ቢረክስም አይግዙት፤ የኤስዲ ካርድ ማስገቢያም ሆነ የኮምፖነንት (ምስሉን በአረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ኬብሎች ከፋፍሎ የሚልክ) ምስል ማውጫ የለውም።

ዊን ከፍላት ስክሪን ጋር ለማገናኘት ካሰቡ ሥራው ይበዛል። ኮንሶሉ ኤችዲኤምአይ ስለሌለው ወይ ኮምፖነንት ኬብል ወይ መቀየሪያ ያስፈልጋል። አንዳንድ ቴሌቪዥኖች የ240 መስመሩን ምልክት በኮምፖነንት ጨርሶ አይቀበሉትም፣ «ኖ ሲግናል» ይላሉ፤ መፍትሔው የኢሙሌተሩን ምርጫ ከ«ኦሪጅናል» ወደ «ፊልተርድ» መለወጥ ነው። በብዙ ፍላት ቴሌቪዥኖች ላይ የቢጫውና የአረንጓዴው ኬብል መሰኪያ አንድ መሆኑንም ልብ ይበሉ። ቢጫውን ኬብል እዚያ ሰክተው በሪሞቱ «ኮምፖነንት» የሚለውን ከመረጡ ምስሉ ያለ ቀለም ይመጣል፣ «ኤቪ» ሲሉት ቀለሙ ይመለሳል። ኬብሉ ተበላሽቷል ተብሎ አዲስ ከመገዛቱ በፊት ይህ ቢሞከር ብዙ ወጪ ይቀራል።

ፍላት ስክሪን ላለው ሰው ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተሻለ ነው፤ ይህን የምለው ግን ሴቲንግ ለመነካካት ትዕግሥት ላለው ሰው ነው። ቦርዱ ሁለት ትናንሽ የኤችዲኤምአይ መሰኪያዎች ስላሉት ለኃይል ገመዱ ቅርብ የሆነውን መጠቀም ይመከራል። ቴሌቪዥኑ ሳይበራ ፓይው ቀድሞ ከተነሳ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሊቀር ስለሚችል ቴሌቪዥኑን ማስቀደም ጥሩ ነው። በስክሪኑ ጥግ የመብረቅ ምልክት ብቅ ካለ የሚደርሰው ኃይል አንሷል ማለት ነው፤ ፓይ 4 የሚፈልገው 5 ቮልትና 3 አምፔር የሚሰጥ አስማሚ ሲሆን ተራ የስልክ ቻርጀር ብዙ ጊዜ ይህን አያሟላም። እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ከተማ ደግሞ ማቀዝቀዣ የሌለው ፓይ መግዛት አይገባም። ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል፣ ገዢውም ጥፋቱን በቴሌቪዥኑ ያሳብባል።

ከሌሎቹ የሚለየው ትልቁ ጥቅሙ ምስሉን በዝርዝር ለማስተካከል መፍቀዱ ነው። ሬትሮአርክ በተባለው ኢሙሌተሮችን አንድ ላይ በሚያስኬደው ፕሮግራም ውስጥ «ኢንቲጀር ስኬል» የሚለው ሲበራ እያንዳንዱ ፒክስል በሙሉ ቁጥር ብቻ ይባዛል። 1080ን ለ240 ብናካፍል 4.5 ስለሚመጣ፣ ይህ ካልበራ አንዱ መስመር አራት፣ ሌላው አምስት ሆኖ ይሰፋል፤ ስክሪኑ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲንሸራተት የግድግዳው ጡቦች የሚርገበገቡትም ለዚህ ነው። ሲበራ ደግሞ ምስሉ 960 መስመር ይሆንና ከላይና ከታች 60፣ 60 መስመር ጥቁር ይቀራል፤ ለእኔ ይህ ጥቁር ዳር ከተዛባ ምስል እጅግ ይሻላል። ባለ 4ኬ (2160 መስመር) ስክሪን ላይ ስሌቱ ድፍን 9 ነው። ብዙ ቤት ያሉት ርካሽ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች ግን ትክክለኛ ስክሪናቸው 1366 በ768 ስለሆነ የመጣላቸውን ምስል ራሳቸው እንደገና ይለጥጡታል፤ እነርሱ ላይ ፍጹም የጠራ ፒክስል መጠበቅ አያስፈልግም። የምስሉ ዳር ተቆርጦ የነጥብ ቁጥሩ ካልታየ ግን ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ነው፤ ኤልጂ ላይ «ጀስት ስካን»፣ ሳምሰንግ ላይ «ስክሪን ፊት» የሚለውን መምረጥ ይበቃል።

ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ በጉልበት ከሁሉም ይበልጣል፤ የፕሌይስቴሽን 2 ጌሞችን እንኳ ያለ ጭንቀት ያስኬዳል። ሆኖም የሚያወጣው በኤችዲኤምአይ ብቻ ስለሆነ ለድሮ ቴሌቪዥን አይሆንም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2023 ኢሙሌተሮችን ከመደበኛው ክፍል ስላገደ አሁን በገንቢ ሞድ (ለፕሮግራም ሠሪዎች በተዘጋጀው ክፍል) መግባትና መመዝገብ ይጠይቃል። ለአዳዲስ ጌሞች ሊገዙት ካሰቡ ተጨማሪ ጥቅም ያገኙበታል፤ ለድሮ ጌም ብቻ ከሆነ ግን ገንዘቡን አያወጣም።

ጌም ስቲክ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ከሁለት ጆይስቲክ ጋር ይመጣል፣ ለልጆችም ቀላል ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 4ኬ የ240 መስመሩን ምስል አይለውጠውም። ብዙዎቹ ምስሉን ወደ ጎን ለጥጠው ገጸ ባሕርያቱን ድቡልቡል ያደርጓቸዋል፣ ይህንንም የሚያስተካክል ምርጫ በሜኑአቸው ውስጥ ላይኖር ይችላል። ምስሉ በየጊዜው ጠፍቶ የሚመለስ ከሆነ የኃይል ገመዱን ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ነቅለው ከስልክ ቻርጀር ጋር ያገናኙት፤ የተለመደው የቴሌቪዥን ዩኤስቢ የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ብቻ ሊሆን ይችላል።

የትኛውንም ቢመርጡ ገንዘቡን ሳይከፍሉ ሱቁ ውስጥ እንዲበራልዎ ይጠይቁ፤ ሻጩም ቅር ሊለው አይገባም። ክብ ነገር ያለበት ጌም አስከፍተው ክቡ እንቁላል መስሎ እንደሆነ ይዩ፤ ከመሰለ ወደ 4 ለ3 የሚመለስበት ሴቲንግ መኖሩን ያረጋግጡ። ጌሙ ዘገም ካለና እንቅስቃሴው ከተቆራረጠ ፋይሉ ለ50 ኸርዝ የተዘጋጀው የአውሮፓ ቅጂ ሊሆን ስለሚችል የአሜሪካውን ወይም የጃፓኑን ያስሞክሩ። የፋሚኮም ጌም ላይ ብዙ ጠላቶች በአንድ መስመር ሲሰለፉ አንዳንዶቹ ብልጭ ድርግም ቢሉ ግን እንደ ብልሽት አይቁጠሩት፤ የድሮው ኮንሶል ራሱ በአንድ መስመር ላይ ከስምንት በላይ ተንቀሳቃሽ ምስል ማሳየት ስለማይችል ኢሙሌተሩ የሚያሳየው የነበረውን ነው።