«የጠፉት ክፍሎች አሉኝ» ለሚላችሁ ሰው ብር እንዳትልኩ፤ የራሳችንን ፋይል ነው መልሶ የሸጠልን

ከታይዋን፣ ከድሬዳዋው ገበያ፣ ገና አሁን መግባቴ ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለምጽፍ ፊደል ብስት ይቅርታ። ተረጋግቼ ነገ እጽፋለሁ ብል ዛሬ ማታ ሌላ ሰው ብር ይልክለታል፤ ማስታወቂያውን አሁንም አላነሳም።

ሁለቱ ልጆች የሚያዘጋጁትን ፖድካስት የምትከታተሉ ነገሩን ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያዎቹ 22 ክፍሎች የሉም። በ2011 እና በ2012 የተለቀቁት ናቸው፤ ልጆቹ ዩቲዩብ ሳይገቡ፣ አንድ ማይክ ለሁለት ይዘው ሲያወሩ የነበረ ጊዜ። ድምፁ የተቀመጠው በየወሩ በዶላር በሚከፈልበት የውጭ ድርጅት ዘንድ ነበር፤ የሚከፍልላቸው ውጭ ያለ ዘመድ ነበር፤ ክፍያው ሲቋረጥ ሁሉም ተሰረዘ። የምንሰማባቸው አፖች ደግሞ ድምፁን ራሳቸው ጋ አያስቀምጡትም። ዝርዝሩን ብቻ እያነበቡ ፋይሉን ከዚያው ድርጅት ያመጡልናል። እዚያ ሲጠፋ በሁሉም አፕ ላይ ጠፋ። የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ የድሮው ገጽ ተገኝቷል፤ የክፍሎቹ ርዕስ ተደርድሯል፤ ስትጫኑት ግን ምንም የለም። ርዕሱን እያዩ ድምፁን ማጣት እንዴት እንደሚያንገበግብ የፈለገ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

እኛ ስምንት ሰዎች ነን። ሁለት ዓመት ፈልገን አምስት ክፍል አገኘን፦ 1፣ 2፣ 3፣ 8 እና 14። አንዱ ከአሮጌ ሚሞሪ ካርድ፣ አንዱ አንዲት ልጅ ጓደኛዋ በብሉቱዝ ልኮላት ከረሳችው ስልክ። 3ኛው ከሁሉም የባሰ ነበር። ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ያለ ጓደኛችን ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ ላይ አገኘው፤ ፋይሉን ማውጣት ሲያቅተው ስልኩን አጫውቶ በሌላ ስልክ ከስፒከሩ ቀዳው። ስለዚህ የኛ ክፍል 3 ላይ የቤቱ ድምፅ ሁሉ አለ። ይሄን ያዙልኝ።

እኔ በተለይ የምፈልገው 11ኛውን ነው። የጎርፉን ክፍል። በሐምሌ 1998 የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሰፈር ሲወስድ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከ200 በላይ ሰው ነው ያጣነው። ልጆቹ ያንን ሌሊት ያዩ አንዲት እናት አቅርበው፣ ሳያቋርጧቸው፣ ሙሉውን ሰዓት አስወርተዋቸዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት፤ ሥራ ስገባ ባጃጅ ውስጥ። በኋላ ደግሜ እሰማዋለሁ ብዬ ተውኩት።

ሻጩን መግለጽ አያስፈልገኝም፤ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ሱቁ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ነው፤ ስልክ ይጠግናል፣ ፍላሽ ይሞላል፣ ዘፈንና ፊልም በጊጋ ይሸጣል፣ ቴሌግራም ላይ ደግሞ «ያልተለቀቁ፣ የተሰረዙ፣ የትም የማይገኙ» እያለ ይለጥፋል። ከልጆቹ አንዱ እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር እንዳደገ ሁላችንም እናውቃለን። ሰውየውም ይሄንን ያውቃል። «የድሮ ላፕቶፑን የሠራሁለት እኔ ነኝ፤ ሃርድ ዲስኩ እኔው ጋ ቀርቷል» አለኝ። አመንኩት። ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰው ሰውን ያውቃል፤ ሊሆን ይችላል አልኩ።

ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «የኔ ቅጂ ከናንተ ይሻል እንደሆነ ላወዳድርላችሁ፤ ያላችሁን ላኪልኝ።» አምስቱንም ላክሁለት። ማንም ሳያስገድደኝ፣ በገዛ እጄ። እንዲያውም የትኛው ከየት እንደተገኘ ጽፌ ነው የላክሁለት። በማግስቱ «የኔ በጣም ንጹሕ ነው» ብሎ መለሰ። ለሁሉም 4000 ብር ጠየቀ። ስምንታችን 500፣ 500 አዋጣን። ከመካከላችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለች፤ ከምግቧ ቀንሳ ነው ያመጣችው። ድሬ ያለሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ብሩ በኔ እጅ ገባ። 1000 ብር ቀብድ በቴሌብር ላክሁለት።

ማክሰኞ በጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣ ሄድኩ። ወንበር አቀረበልኝ። ስፒከሩን ወደኔ አዞረና ክፍል 1ን ከፈተ። መግቢያ ሙዚቃው፣ የልጁ ሰላምታ፣ ያ የመጀመሪያው ሳቅ። ዘጋው። ክፍል 5፦ ሙዚቃው፣ ሰላምታው፣ ዘጋው። «11ን ክፈትልኝ» አልኩት። ከፈተው። ያው ሙዚቃ፣ ያው ሰላምታ። ልቤ ድክም አለ። «በቃሽ፣ ሌላውን ቤትሽ ጨርሺው፤ እዚህ ጨርሰሽማ ምን ልትገዢ ነው?» አለኝ። እሱ ሲስቅ እኔም አብሬው ሳቅሁ። የዚህ ፖድካስት መግቢያ በድሮዎቹ ክፍሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ርዕሱ የሚነገረው ከደቂቃ በኋላ ነው። ይህንን ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ጣቱ ከመዳፊቱ ላይ እንዳልተነሳ እያየሁ፣ ወደ መሃል አሳልፍልኝ አላልኩትም። የቀረውን 3000 እዚያው ላክሁለት። ፍላሹ ላይ ፕላስተር ለጥፎ «ሙሉ 1–22» ብሎ በእስክሪብቶ ጻፈበት።

ማታ ሁላችንም ቴሌግራም ላይ በድምፅ ተገናኘን። አብረን እንድንሰማ ተስማምተን ነበር። አንዷ ቡና አፍልታ ነው የጠበቀችን። ከ3 እንጀምር ተባለ፤ ንጹሑን ቅጂ ለመስማት ጓጉተናል፤ በተለይ ያ የሐረሩ ልጅ። ድምፁ እውነትም ትንሽ ጠርቷል፤ የጀርባ ጩኸቱ ቀንሷል። አሥር ደቂቃ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ በደስታ ሰማን። ልክ ልጆቹ ስለ ላጋሩ፣ ስለ ባቡር ጣቢያው፣ ወሬ እንደጀመሩ ከሩቅ፣ ከቤቱ ሌላ ክፍል፣ የሴት ድምፅ መጣ፦ «አንተ ልጅ! ምሳህ በረደ!»

አቆምኩት። ማንም አልተናገረም። መልሼ አጫወትኩት። «ምሳህ በረደ!»

«እማዬ ናት» አለ የሐረሩ ልጅ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የተናደደም አይመስልም፤ ያፈረ ነው የሚመስለው፤ እናቱን ሰው ፊት ያዋረደ ይመስል። «የኔ እናት ናት። የኔ ቅጂ ነው።»

ሌላውን ስናይ አደርን። አምስቱ ራሳችን የላክንለት ናቸው፤ ጩኸት በሚያጠፋ ፕሮግራም አሳልፏቸዋል እንጂ ሌላ ምንም አላደረገም። አሥራ ሰባቱ ዩቲዩብ ላይ በነፃ ያሉ የቅርብ ጊዜ ክፍሎች ናቸው። ርዕሱ የሚነገርበትን ቆርጦ፣ የድሮውን መግቢያ ከኛው ክፍል 1 ወስዶ ለጥፎባቸዋል። «ክፍል 6፣ 2011» ያለው ላይ ልጆቹ ሳፋሪኮም ድሬዳዋ ላይ ኔትወርክ ከፈተ ብለው ያወራሉ። ሳፋሪኮም እዚህ የጀመረው በነሐሴ 2014 ነው፤ የድሬ ሰው ይሄን ይረሳል? 9 እና 17 እስከ መጨረሻዋ ባይት እኩል ናቸው፤ አንድ ፋይል ነው በሁለት ስም። የጎርፉ ክፍል ብዬ የከፈትኩት 11ኛው ደግሞ ስለ ሰርግ ወጪ ነው። ሰርግ! የእኚያን እናት ድምፅ ስጠብቅ ስለ ድንኳን ኪራይ ሰማሁ።

ዛሬ ጠዋት ፍላሹን ይዤ ተመለስኩ። የሚረዳው ልጅ አየኝና ፊቱን አዞረ። ሰውየው ግን አልደነገጠም። ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«ምንድን ነው የጎደለሽ? 22 አልሽ፣ 22 ሰጠሁሽ። ቁጠሪ።»

ይዘቱ ሌላ ነው፣ የራሳችን ፋይል ነው፣ ብሬን መልስ አልኩ። «አቦ ድምፅ ነው የተባለው፤ ድምፅ አለው።» ደረሰኝ ጠየቀኝ። እኔን! ደረሰኝ ሳይሰጠኝ። ስልክ ሊያሠሩ የመጡ ሰዎች ቆመው ያያሉ፤ ወደነሱ ዞሮ፣ እኔ የሌለሁ ይመስል፣ «ለነፃ ወሬ አራት ሺህ የሚከፍል ሰው ካለ ጥፋቱ የማን ነው?» አላቸው። አንዱ ሳቀ። ከዚያ የኔን ስልክ ቁጥር ብሎክ ሲያደርግ ፊት ለፊቴ ነው ያደረገው፤ ስክሪኑን አሳይቶኝ።

4000 ብሩ ያበሳጨኛል፤ እመልሰዋለሁ፤ ለሰባቱም ከደመወዜ እከፍላቸዋለሁ ብያለሁ፤ እምቢ ቢሉም። የሚያቃጥለኝ ግን ሌላ ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቢሮዬ ውስጥ ደረሰኝ ያልተያያዘበት የ50 ብር ወጪ አላሳልፍም። ሰው አምኖ በእጄ ያስቀመጠውን ብር ግን በፕላስተር ለተጻፈ ቃል ሰጠሁ። ሁለት ዓመት የደከምንበትንም አምስት ክፍል አስረክቤ ነው የመጣሁት፤ ይሄው አሁን ቻናሉ ላይ «ብርቅዬ ቅጂ» እያለ በ300 ብር እየቸበቸበው ነው። የሰው እናት ድምፅ ጭምር።

ወደዚህ ዓይነት ሱቅ ከሄዳችሁ ፋይሉን ራሳችሁ ክፈቱ፣ መሃሉንም ስሙ፤ ያላችሁን ቅጂ ግን ለማንም ሻጭ አስቀድማችሁ አትላኩ። በቃ ይኸው ነው።

በ2011 እና በ2012 በስልካችሁ ያወረዳችሁ ካላችሁ ደግሞ እባካችሁ አፑን አታጥፉት። የወረደው ፋይል ብዙ ጊዜ በአፑ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ፋይል ማኔጀር ላይ አይታይም፤ አፑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ኢንተርኔቱን ዝጉና ይጫወት እንደሆነ ሞክሩት። ከተጫወተ ንገሩን፤ አንገዛም፣ አንሸጥምም፤ ቀድተን ለሁሉም በነፃ እንለቀዋለን። የጎደሉን 4፣ 5፣ 6፣ 7፣ 9፣ 10፣ ከ11 እስከ 13፣ እና ከ15 እስከ 22 ናቸው። 11 ያለው ሰው በሌሊትም ቢሆን ይደውልልኝ።