በደሴ ስለተደረገልን የአንጎል ኤምአርአይ ምርመራ

ቤተሰብ ለመጠየቅ ወደ ደሴ በመጣሁበት ወቅት ለአባቴ ካገኘናቸው የሕክምና አገልግሎቶች መካከል ምስጋናዬ በቅድሚያ የሚደርሰው የምርመራ ማዘዣውን በጥንቃቄ ለጻፉት የነርቭ ሐኪም ነው። አባቴ ቀደም ሲል በሌላ ተቋም ፓርኪንሰን ነው ተብለው ለዚሁ በሽታ የሚሰጠውን ሌቮዶፓ የተባለ መድኃኒት ሲወስዱ፣ መጠኑም በየጊዜው ሲጨመርላቸው ቆይተዋል፤ ለውጥ ግን አልታየባቸውም። እዚያው የተነሣው ሲቲ ስካንም አንጎላቸው በዕድሜ ምክንያት መጠነኛ መቀነስ እንዳሳየ ከመግለጽ ያለፈ ነገር አልነገረንም። ታማሚን ለዓመታት በአንድ መድኃኒት ላይ አቆይቶ ምርመራውን መልሶ አለመፈተሽ በጣም ያሳዝናል።

ሐኪሙ ግን አወዳደቃቸው ወደ ፊት ነው ወይስ ወደ ኋላ፣ መውደቅ የጀመሩትስ ገና በሕመሙ መጀመሪያ ነው ወይ ብለው ጠየቁን። ከዚያም ጣታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሱ የአባቴን የዓይን እንቅስቃሴ ተመለከቱ። አባቴ ያለ ምክንያት ወደ ኋላ የሚወድቁና ማዕዱን ዝቅ ብለው ማየት የተሳናቸው በመሆናቸው፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ በሽታ ሆኖ የተገለጸው ፕሮግረሲቭ ሱፕራኑክሊየር ፓልሲ (ሚዛንንና የዓይን እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ሕመም) እንደሚጠረጠር፣ አንጎልን ከኅብለ ሰረሰር የሚያገናኘው የአንጎል ግንድም ከጎን በሚነሣው ምስል ላይ እንዲለካ በማዘዣው ላይ አሰፈሩ።

ኤምአርአዩን ያነሣው የግል ማዕከል ሥራ መልካም ነበር። ባለሙያው «አብሽሩ አባባ፣ ድምፁ ብቻ ነው የሚረብሸው» እያለ ጆሯቸውን ሸፈነላቸው፤ አንገታቸው ደረቅ በመሆኑም ትራሱን ደጋግሞ አስተካከለላቸው። ራዲዮሎጂስቱ ምስሉን ራሳቸው አሳዩን። በጤነኛ ሰው ከጎን ሲታይ የአንጎል ግንዱ የላይኛው ክፍል የሆነው መካከለኛው አንጎል የሚይዘው የቦታ ስፋት ከሥሩ ያለውን የግንዱን ክፍል፣ የፖንስን፣ ሩብ ያህል ይሆናል፤ በዚህ በሽታ ግን ፖንስ ብዙም ሳይጎዳ መካከለኛው አንጎል ስለሚሳሳ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሃሚንግበርድ የተባለችውን፣ በእኛ አገር የማትገኘውን ባለ ረጅም መንቁር ወፍ ይመስላሉ። በአባቴ ምስል ላይ ይህ ቅርጽ በግልጽ ታየ።

ሐኪሙ ውጤቱን ሲያስረዱን ምስሉ ብቻውን ፍርድ እንደማይሰጥ፣ በበሽታው መጀመሪያ ላይ ምልክቱ ላይታይ እንደሚችል፣ የመጨረሻ ማረጋገጫ የሚገኘውም የአንጎል ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር እንደሆነ አልሸሸጉንም። በሽታውን የሚያስቆም መድኃኒት የለም። ቢሆንም ያልጠቀመው ሌቮዶፓ በሐኪሙ ክትትል ቀስ በቀስ እንዲቀንስ ተደረገ፤ ትኩረታችንም መውደቅን ወደ መከላከልና የአመጋገብ ጥንቃቄ ዞረ፤ የመዋጥ ችግር ምግብን ወደ ሳንባ ሊያስገባ ይችላልና።

ለአገልግሎቱ የማቀርበው ቅሬታ በሁለት ነገሮች ላይ ነው። የጽሑፍ ውጤቱ የተለካውን መጠን በቁጥር አላሰፈረም፤ ስለዚህ ሌላ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ሙሉውን ምስል በሲዲ መጠየቅ አለበት። ወደ ምርመራ ክፍሉ የሚወስደው ደረጃም መደገፊያ የለውም፤ አባቴን ያወረድናቸው አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ሆነን ነው። ወደ ኋላ የሚወድቅ ታማሚ የምታመጡ ሁሉ ቢያንስ ሁለት ሰው ሆናችሁ ሂዱ።