መጀመሪያ እንጀራዬን ላደረሱልኝ ጋሼ ምስጋና፤ መኪናችሁ አልነሳ ላላችሁ የሐዋሳ ሰዎች ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አመስግኜ ስላልጠገብኩ ነው። ሐዋሳ ውስጥ መኪናው አልነሳ ብሎት ከጋራዥ ጋራዥ የሚንከራተት ሰው ካለ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እኔ እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች የማስረክብ ሴት ነኝ። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቼ ምጣድ እጥዳለሁ። ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንጀራው ፒያሳ አካባቢ ላሉ ቁርስ ቤቶች፣ ከዚያም አሞራ ገደል በኩል ዓሳ ለሚሠሩት መድረስ አለበት። ይህን ሁሉ የምትሸከምልኝ አንዲት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሁለት ልጆቼን ያስተማርኩት በእሷ ነው።

ታዲያ ይህች መኪና ከጥቅምት ጀምሮ ታመመችብኝ። ቁልፉን ሳዞር አንድ ጊዜ «ጠቅ» ትልና ጸጥ ትላለች። አንዳንድ ቀን ምንም እንዳልነበረባት ትነሳለች፤ አንዳንድ ቀን በዚያ ጨለማ ጎረቤት ቀስቅሼ አስገፋለሁ። ሰው ፊት ያሳፍራል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ደንበኛ ያሳጣል። ስድስት ዓመት ያስረከብኩለት ምግብ ቤት በሦስተኛው መዘግየት ከሌላ ሰው መውሰድ ጀመረ። አልፈርድበትም፤ እሱም ቁርስ የሚጠብቁ ሰዎች አሉበት።

የሄድኩባቸውን ጋራዦች ስም አልጠራም። የመጀመሪያው ኮፈኑን ገና ሳይከፍት «ባትሪ ነው» አለኝ። 12,000 ብር አውጥቼ አዲስ ባትሪ ገዛሁ፤ በዘጠነኛው ቀን ያው «ጠቅ» ተመለሰ። ተመልሼ ስነግረው ጥፋቱን በእኔ አነዳድ ላይ ጣለው። ሁለተኛው «ሞተርኒኖው ነው» (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ዕቃ) ብሎ መኪናዬን አራት ቀን አቆየብኝ። ገንዘቡን ስከፍል የወለቀውን አሮጌ ዕቃ እንዲያሳየኝ ብጠይቀው «አንቺ አይተሽው ምን ይገባሻል?» አለኝ፤ ከኋላው የቆሙት ሳቁ። የከፈልኩት ብር ተረስቶኛል፣ ያ ሳቅ ግን እስካሁን ያቃጥለኛል። ሦስተኛው ጭራሽ ሞተሩ ካልተከፈተ ብሎ 60,000 ብር ጠየቀኝ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ወደ ጋሼ ልምጣ። ባለፈው ረቡዕ የፒያሳውን አራግፌ ወደ ሐይቁ ስሄድ ውኃ ልገዛ መንገድ ዳር አቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ። ያ ነው ስህተቴ። መኪናዋ እንቢ አለች፤ ኋላ ወንበር ላይ አራት ቅርጫት ትኩስ እንጀራ አለ። ግራ ገብቶኝ ስቆም አንድ የባጃጅ ሹፌር አየኝና «እትዬ፣ አንድ ሰው ልጥራልሽ፤ የእኔንም የሠሩልኝ እሳቸው ናቸው» ብሎ ደወለ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ በአሮጌ ፒካፕ አንድ ሽበታም ሰው መጡ።

ሌላው ቢሆን በቀጥታ ኮፈን ይከፍታል። እሳቸው ግን በመስኮቱ ወደ ውስጥ አዩና «ይህ እንጀራ የት ነው የሚደርሰው?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «እንግዲያው መጀመሪያ እንጀራው ይድረስ፤ መኪናዋ የትም አትሄድም» አሉ። ከዚያ ያደረጉትን መቼም አልረሳውም። ዘይት የነካውን ቱታቸውን አወለቁ፣ ከጀሪካን ውኃ ቀድተው እጃቸውን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠቡ፣ ንጹሕ ሸራ በፒካፑ ላይ አነጠፉና ቅርጫቶቹን ራሳቸው ጫኑ። እስከቀሩት ሦስት ምግብ ቤቶች ድረስ ወስደውኝ አራገፉልኝ። አንዱ ደንበኛዬ አዲስ ሠራተኛ የቀጠርኩ መስሎት «በርቱ አባቴ» ሲላቸው ፈገግ ብለው ዝም አሉ።

ተመልሰን መኪናዋ ጋ ስንደርስ ሦስቱም ጋራዥ ያልጠየቀኝን ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ አልነሳ ስትልሽ ምን ዓይነት ድምፅ ትሰጣለች?» ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። በቴስተራቸው ባትሪውን ለኩና 12.6 ቮልት አሳዩኝ፤ «ባትሪሽ ጤነኛ ነው» አሉ። ከዚያ አንዱን የቴስተር ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ (−) ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርገው ቁልፉን እንዳዞር አዘዙኝ። ቁጥሩ ከ4 በላይ ወጣ። «ይህ ከግማሽ ቮልት መብለጥ አልነበረበትም» አሉኝ። ለምን እንደሆነ ቢያስረዱኝም በደንብ አልገባኝም፤ ቀጥሎ ያየሁትን ግን ማንም ይረዳዋል። ከፒካፑ አንድ ወፍራም ገመድ አመጡና ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ ብረት አገናኙት። «አሁን አዙሪ።» በአንድ ጊዜ ተነሳች! ወራት ሙሉ ያንገላታችኝ መኪና በአንድ ገመድ ተነሳች።

ጥፋቱ ባትሪውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ነበር። ከላይ ሲታይ ደህና ነው። ጋሼ ልባሱን በቢላዋ ሰንጥቀው ሲያሳዩኝ ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፤ በደህና የቀሩት ጥቂት ክሮች ብቻ ናቸው። አሮጌውን ገመድ በፌስታል ጠቅልለው «ያንቺ ነው፣ ውሰጂው» ብለው በእጄ ሰጡኝ። እኔ እንኳን ሳልጠይቃቸው! ሁለተኛው ጋራዥ ውስጥ የተሳቀብኝ ይህንኑ ስለጠየቅኩ ነበር።

አዲሱን ገመድ ከነእጅ ዋጋቸው 1,500 ብር አስከፈሉኝ። እንጀራ ስላደረሱበት ልጨምርላቸው ብል ተቆጡኝ። በማግሥቱ አሥር እንጀራና ሽሮ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ፤ ያንን ግን ተቀበሉኝ፣ ከባለቤታቸውም ጋር ቡና ጠጣን።

ወገኖቼ፣ ባትሪ ቀይሩ ሲሏችሁ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ለክተው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ወደ እኚህ ሰው መሄድ ነው። እጃቸው የተባረከ ነው፤ ሴት ሆነሽ ብትሄጂ አይንቁሽም፣ ምንም ባይገባሽ አያታልሉሽም። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ያን የባጃጅ ልጅም እግዚአብሔር ይባርከው።

ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ለሁላችሁም እልካለሁ። የሚሠሩት አላሙራ በኩል ነው። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ወረፋ አለ፣ እሑድ ደግሞ አይሠሩም።