ለአንዲት የፒያሳ ፋርማሲስት፣ ከእናቴና ከእኔ

ጎንደር ውስጥ የዓይን ጠብታ የሚጠቀም ወላጅ ያላችሁ ይህችን ጽሁፍ እስከ መጨረሻ አንብቡልኝ። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ፒያሳ አካባቢ ባለች ጠባብ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ወጣት ናት።

እናቴ ግላኮማ፣ ማለትም የዓይን ግፊት ሕመም አለባት። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ግፊቱን የሚቀንስ ቲሞሎል የሚባል ጠብታ ስታደርግ ምንም አላላትም ነበር። ዘንድሮ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ግን የዓይኗ ቆብ ያሳክካት ጀመር። ቀላ፣ አበጠ፣ ቆይቶም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላጥ ጀመር። ጎረቤቱ ሁሉ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ይዞ መጣ። አንድ መድኃኒት ቤት ደግሞ ሳያይ ሳይጠይቅ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ሸጠልን። ለጥቂት ቀናት አስታገሰላትና ከበፊቱ ባሰባት። ስቴሮይድ ዓይን አካባቢ ሲሰነብት የዓይንን ግፊት ሊጨምር እንደሚችል የሰማሁት ኋላ ነው። ያውም ግላኮማ ላለበት ሰው!

ይህች ልጅ ግን መደርደሪያዋን ከመንካቷ በፊት «እማማ፣ እንዴት እንደሚያደርጉት እስኪ ያሳዩኝ» አለቻት። የማታው ሰዓት ደርሶ ስለነበር እናቴ ቀና ብላ አንጠባጠበች። ትርፉ በጉንጯ ወረደ። ልጅቷ በጣቷ መስመሩን ከሩቅ አሳየችኝ፤ ቅላቱ ከቆቡ ተነስቶ ልክ ጠብታው በወረደበት ሄዷል። በየቀኑ ፊቷን የማየው እኔ ይህን አላየሁም።

ቲሞሎል ቤታ ብሎከር ከሚባሉት መድኃኒቶች ወገን ነው። ለዓመታት ተስማምቶ የቆየ ጠብታም አንድ ቀን አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል አለችን፤ ከመድኃኒቱ ከራሱ፣ ወይም እንዳይበላሽ ከሚጨመርበት ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ። «ግን እማማ፣ በራስዎ እንዳያቋርጡት። ግፊቱ ሳያሳምም ነው ዓይን የሚያጠፋው፤ የጠፋውም አይመለስም።» አስም እንዳለባትም ጠየቀቻት፤ ጠብታው በአፍንጫ በኩል ወደ ደም ገብቶ ትንፋሽ ሊያሳጥር፣ የልብ ምትም ሊያዘገይ ይችላልና። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም። ከዚያ ያየችውን በወረቀት ጽፋ በማግስቱ ወደ ዓይን ሐኪም ላከችን።

ሐኪሙ ሌላ ቤታ ብሎከር አላዘዘም፤ አንዱን ያልተቀበለ ቆዳ ዘመዱንም ላይቀበል ይችላል ብሎ። ማታ ማታ አንድ ጠብታ ላታኖፕሮስት ሰጣት። በሦስት ሳምንት ቆቧ ጠራ። የአዲሱን ብልቃጥ ጽሁፍ ሳነብ ያው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ አለበት፤ ስለዚህ ጥርጣሬያችን ቲሞሎሉ ላይ አረፈ።

ያስተማረቻትን እናቴ እስከ ዛሬ አልረሳችም፦ አንድ ጠብታ ብቻ፣ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ሁለት ደቂቃ ያህል በጣት መጫን፣ የፈሰሰውን ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ። ባለፈው እሑድ ድፎ ዳቦ ጋግራ ወሰደችላት። ልጅቷም እዚያው ቆርሳ ለተሰለፈው ሰው አደለችው።

ፋርማሲዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከ11 ሰዓት በኋላ ሰው ስለሚበዛ ቀደም ብላችሁ ሂዱ፤ ብልቃጡንም እንዳትረሱ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።