አሴቶ ኮርሳ ከስምንት ወር በኋላ፦ የተገዙት መኪኖችና በነፃ የወረዱት

አሴቶ ኮርሳ በተባለው የመኪና መንዳት ጌም ላይ በክፍያ ከሚጨመሩት የመኪና ጥቅሎች አንዱ በሆነው የጃፓን ጥቅል ውስጥ ያለችውን ቶዮታ ኤኢ86 ከሹፌሩ ወንበር ሆናችሁ እዩዋት። ምንጣፉ ከቅርብ ሲታይ ጠፍጣፋ ሥዕል መሆኑ ያስታውቃል፤ የበሩ ፕላስቲክም ዛሬ ከሚወጡት ጌሞች ጋር ሲተያይ ደብዘዝ ያለ ነው። ጥቅሉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነውና አይገርምም። የሞተር ዙር ቆጣሪው ግን ከድምፁ ጋር እኩል ይወጣል። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋ ዝቅ የሚልበት ልክ፣ ኩርባ መሃል ነዳጅ ሲለቀቅ ኋላዋ ሸርተት የሚልበት አኳኋን፣ ቀላል ከሆነችና በኋላ ጎማ ከምትነዳ የድሮ ኮሮላ የሚጠበቀው ነው። ቅርጹ፣ ፊዚክሱ፣ ድምፁና ሰዓቶቹ ተገጣጥመው አንድ መኪና ሆነዋል። ከስምንት ወር መንዳት በኋላ የጌሙን መኪኖች የሚለየው ይሄ መገጣጠም ሆኖ ተገኝቷል። የሚከፈልባቸው ጥቅሎች ዋጋቸውን የሚያወጡት እዚህ ላይ ነው፤ ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው ከሚያወጡት፣ በነፃ ከሚወርዱት ሞዶች ብዙዎቹ የሚወድቁትም እዚሁ ላይ።

ግምገማው የፒሲውን ስሪት፣ ሁሉንም ጥቅሎች ጨምሮ ይመለከታል። የተነዳው 900 ዲግሪ በሚዞር መሪና በሦስት ፔዳል ነው። ጌሙን የሠራው ኩኖስ ሲሙላትሲዮኒ፣ ከሮም ወጣ ብሎ ባለው የቫሌሉንጋ የውድድር ሜዳ ያደገ የጣሊያን ስቱዲዮ ነው። ሙሉው ጌም ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ሲሆን ፊዚክሱ በሴኮንድ 333 ጊዜ ያሰላል። ማታም ዝናብም በመሠረታዊው ጌም ውስጥ የሉም፤ ይህን ሳያውቅ የሚገዛ ሰው ያዝናል።

መጀመሪያ ስለ ሞዴሉ አሠራር። በጌሙ ውስጥ አንድ መኪና አንድ ሞዴል ብቻ የለውም። ቅርብ ሲሆን የሚታየው ዝርዝሩ የበዛው ነው፤ ሲርቅ ወደ ቀለለው፣ ከዚያም ይበልጥ ወደ ቀለለው ይቀየራል። በስንት ሜትር ርቀት የትኛው ይግባ የሚለው በመኪናው ፎልደር ውስጥ ባለ አጭር የጽሑፍ ፋይል ላይ ተጽፏል። የውስጡ ክፍልም ሁለት ነው፦ ለሚነዳው ሰው የተሟላው፣ ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ደግሞ የተቃለለው። የኩኖስ መኪኖች ይህን ሥርዓት አክብረው ስለተሠሩ ሃያ መኪና በመነሻው መስመር ላይ ሲሰለፍ መካከለኛ ኮምፒውተር ይችለዋል።

ጉዳዩ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ በቀላል ሒሳብ ይታያል። የመኪና ሞዴል ትሪያንግል ከሚባሉ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ይገጣጠማል። ግማሽ ሚሊዮን ትሪያንግል ያላትና የቀለለ ሞዴል የሌላት አንዲት ሞድ መኪና ሃያ ሆና ስትሰለፍ አሥር ሚሊዮን ትሪያንግል ማለት ነው። በዚያ አያበቃም፤ ጌሙ ለጥላው፣ ለስፖኪዮውና በቀለሙ ላይ ለሚታየው ነጸብራቅ ትዕይንቱን ደጋግሞ ይስላል። ብቻዋን ስትነዳ ምንም ችግር የሌለባት መኪና በውድድር መነሻ ላይ ምስሉን የምታንቀጠቅጠው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ግራፊክስ ካርዱን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የሞዴሉ ነው።

በሞዴሉ ላይ የሚለበጠው ሥዕል፣ ተክስቸርም እንዲሁ። ጎንና ጎኑ 4096 ፒክስል የሆነ አንድ ሥዕል ሳይታመቅ 64 ሜጋባይት የግራፊክስ ሜሞሪ ይይዛል። ዲዲኤስ በተባለው የፋይል ዓይነት፣ በዲኤክስቲ5 የማመቂያ ዘዴ ሲታመቅ 16፣ ዲኤክስቲ1 ሲሆን ደግሞ 8 ሜጋባይት ይበቃዋል። ችኩል ሞድ ሠሪ ፒኤንጂ ሥዕሎችን እንዳሉ ሞዴሉ ውስጥ ይከታቸዋል። ሃያ መኪና ሃያ ዓይነት ቀለም ቅብ ይዞ ሲመጣ 6 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ካርድ ወዲያው ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ በየኩርባው ምስሉ እየተቆራረጠ ይሄዳል።

አሁን ወደ ጥቅሎቹ። አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን ድሪም ፓክ 1 ይውሰድ። ምክንያቱ መኪኖቹ አይደሉም፤ ምንም እንኳ ማክላረን ኤፍ1 ጂቲአር ብቻዋን የምትበቃ ብትሆንም። ምክንያቱ በሌዘር የተለካው የጀርመኑ የውድድር መንገድ ኖርድሽላይፈ ነው። 20.8 ኪሎ ሜትር በሆነው በዚያ መንገድ ላይ ያለው እያንዳንዱ ጉብታና እጥፋት በመሪው በኩል እጅ ላይ ይደርሳል። አንድ መኪና በደንብ መሠራቷ የሚፈተነውም እዚያ ነው። ሱስፔንሽኗ በግምት የተጻፈ መኪና በሞንዛ ለስላሳ አስፋልት ላይ ትሸሸጋለች፤ በኖርድሽላይፈ ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላት ትዘላለች፣ ወይም ሆዷ መሬት ይመታል።

ቀጥሎ ሦስቱ የፖርሼ ጥቅሎች። ፖርሼ መኪኖቹን ጌም ውስጥ የማስገባት መብት ለረጅም ዓመታት ለጌም አሳታሚው ኤሌክትሮኒክ አርትስ በብቸኝነት ሰጥቶ ስለነበር አብዛኞቹ ሌሎች ጌሞች ከፖርሼ ተነሥቶ የራሱን መኪና በሚሠራው የሩፍ ኩባንያ መኪኖች ይብቃቁ ነበር። እዚህም ቢጫዋ ሩፍ ሲቲአር የዚያ ዘመን ማስታወሻ ሆና አለች። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ወራት ጥቅሎቹ በተከታታይ ሲወጡ 917/30፣ 962ሲ እና 911 ጂቲ3 አርን የመሳሰሉት ገቡ። በስምንት ወር ውስጥ በብዛት የተነዱት እነዚህ ናቸው። ሞተሩ ኋላ የተቀመጠባት 911 ፍሬን ቀስ እያለ እየተለቀቀ ወደ ኩርባ ካልገባች አፍንጫዋ አልዞርም ይላል፤ ያንን ባሕርይ እንዲህ ጥርት አድርጎ የሚያስተምር ሌላ ጥቅል ጌሙ ውስጥ የለም።

ሬድ ፓክ የኦስትሪያውን ሬድ ቡል ሪንግና የፌራሪን ኤስኤፍ15-ቲ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የፌራሪ 70ኛ ዓመት ጥቅል ደግሞ 250 ጂቲኦን፣ 330 ፒ4ንና ኤፍ2004ን ያካትታል። የ330 ፒ4 የፓራፋንጎ ጉብታ ከሹፌሩ ወንበር ሲታይ የዚህ ጌም ሞዴል ሠሪዎች ለኩርባ ያላቸውን ዓይን ያሳያል፤ ነጸብራቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይሰበር ይፈሳል። ሬዲ ቱ ሬስ የተባለው ጥቅል መጨረሻ ላይ ቢገዛም አይጎዳም። በኦንላይን የሚወዳደር ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ፦ ሰርቨሩ የከፈተው የውድድር ሜዳ የጥቅል ሜዳ ከሆነ ጥቅሉ የሌለው ሰው አይገባም።

በቁጥር ማብዛት ምን እንደሚያመጣ ሌላው የመኪና ጌም ግራን ቱሪዝሞ 5 እ.ኤ.አ. በ2010 አሳይቷል። ከሺህ በላይ መኪና ይዞ ሲወጣ ውስጣቸው ጭምር ተሟልቶ አዲስ የተሠሩት 200 ገደማ ነበሩ፤ የቀሩት ከፕሌይስቴሽን 2 ዘመን የመጡ ነበሩ። አሴቶ ኮርሳ ከነጥቅሎቹ ሁለት መቶ እንኳ አይሞላም። በውስጡ የሚያሳፍር መኪና ግን አይገኝም፤ ትንሿ አባርት 595 ኤስኤስ እንኳ ውስጧ እንደ ፌራሪዎቹ በጥንቃቄ ተሠርቷል።

ሞድ የሚያወርድ ሰው መጀመሪያ ጌሙን የሚያስነሣውንና ሞዶችን የሚያደራጀውን ፕሮግራም፣ ኮንቴንት ማኔጀርን ይጫን። በነፃ ይገኛል፤ የሚከፈልበት ሙሉ ስሪት ቢኖረውም ለመጀመር አያስፈልግም። የታመቀውን ፋይል ጎትቶ መስኮቱ ላይ መጣል ይበቃል፤ ፎልደሩን ራሱ ቦታ ቦታው ያስቀምጠዋል። ከመንዳት በፊት መኪናዋን በራሱ ሾውሩም ውስጥ ክፈቷት። የትሪያንግሉን ቁጥር ያሳያችኋል። የኩኖስ መኪኖችም ከመቶ ሺህ ከፍ ይላሉ፤ ሞዷ ግማሽ ሚሊዮን ካለፈችና የቀለለ ሞዴል ከሌላት ለብቻ መንጃ እንጂ ለውድድር አትሆንም። እግረ መንገዳችሁን ውስጧን እዩ። ከሌላ ጌም ተነቅላ የመጣች መኪና በሰዓቶቿ ትታወቃለች፦ ፊታቸው ያምራል፣ መርፌያቸው ግን ወይ አይንቀሳቀስም ወይ ከትክክለኛው ቁጥር አጠገብ ይቆማል።

ቀጥሎ የጎማውን ፋይል። ከላይ የስሪት ቁጥር ተጽፎበታል። ጌሙ በመጨረሻ የደረሰበት የጎማ ሞዴል 10 ነው፤ ከዚያ ያነሰ ቁጥር ካያችሁ መኪናዋ በአሮጌ ስሌት እየሄደች ነው፤ ቅርጿ ቢያምርም የጎማዋ ስሜት ከኩኖስ መኪኖች ጋር አይገጥምም።

ቱርቦ ያላቸው ሞዶች ላይ ተደጋግሞ የሚገኝ ስሕተት አለ። ጌሙ በሰንጠረዡ ላይ የተጻፈውን የሞተር ጉልበት በአንድ ሲደመር ቡስት (የቱርቦው ግፊት) ያባዛዋል። ሠሪው ከካታሎግ ላይ ያገኘውን 400 ኒውተን ሜትር እንዳለ ጽፎ ቡስቱን 0.8 ካደረገው ሞተሩ 720 ያወጣል። መኪናዋ በቀጥታ መንገድ ላይ ሁሉንም ጥላ ስትሄድ «እንዴት ጎበዝ ናት» ይባላል፤ የጎበዝ ስሌት ግን አይደለም። ማስተካከያው የሰንጠረዡን ቁጥሮች በሙሉ ለ1.8 ማካፈል ነው።

መኪናዋ የጠርዝ ድንጋይ ስትነካ ወደ ሰማይ የምትዘል ከሆነ የግጭት ሞዴሏን ተመልከቱ። ለግጭት ስሌት ብቻ የሚያገለግል ቀላል ቅርጽ በተለየ ፋይል አለ፤ ሆዱ በጣም ዝቅ ብሎ ከተሠራ መሬቱን እየነካ መኪናዋን ያስፈነጥራታል። ስክሪኑ ላይ ያለው መሪ ከእጃችሁ መሪ ቀድሞ ከዞረ ደግሞ የመሪው ገደብ ተሳስቶ ተጽፏል። ቁጥሩ ከመሃል እስከ አንድ ጎን ያለውን ብቻ ይገልጻል፤ ለ900 ዲግሪ 450 ይጻፋል።

የመኪናን ፎልደር ስም በፍጹም አትቀይሩ። የፊዚክሱ ፋይሎች የታሸጉበት ቁልፍ ከፎልደሩ ስም የተሠራ ነው፤ ስሙ ሲቀየር ጌሙ ሊከፍታቸው አይችልም። የድምፁ ፋይልም ስሙን ተከትሎ ስለሚጠራ ብዙ ጊዜ መኪናዋ ዲዳ ትሆናለች። የፊዚክስ ቁጥር ነካክቶ ኦንላይን የገባ ሰውም ፋይሉ ከሰርቨሩ ጋር ስለማይመሳሰል ይባረራል። መለማመጃ የሚሆን የተስተካከለ መኪና ከፈለጋችሁ በኮንቴንት ማኔጀር በኩል ቅጂ አድርጋችሁ አስቀምጡ እንጂ ዋናውን አትንኩ።

የጌሙን ምስል የሚያሻሽለውን ማሟያ፣ ከስተም ሸደርስ ፓችን ሳይጭን የቀረ ሰው ጌሙን ግማሹን ነው ያየው። ማታን ያመጣል፣ የፊት መብራት መንገዱን ያበራል፣ የቀለሙ አንጸባራቂነት ይሻሻላል፣ የድሮዎቹ ሞዴሎች የመብራት መስታወት ጥልቀት ያገኛል። ዝናቡ ግን የሚገኘው በክፍያ በሚሰጡት የቅድሚያ ስሪቶች ነው። ከፓቹ ጋር የሚመጣው ጣጣ ማሻሻያው ነው። አዲስ ስሪት ሲወጣ አንዳንድ ሞድ መኪኖች ጥቁር መስታወት ይዘው ወይም መብራታቸው ጠፍቶ ይነሣሉ። ስለዚህ የሚሠራላችሁን ስሪት ቁጥር ጻፉት፤ ኮንቴንት ማኔጀር ወደ ቀድሞው ስሪት እንድትመለሱ ይፈቅዳል።

የኢንተርኔት ጉዳይ ለአገር ቤት አንባቢ ቀላል አይደለም። አሴቶ ኮርሳ አንዴ ከወረደ በኋላ ጌሙ በሚገዛበትና በሚከፈትበት ፕሮግራም በስቲም፣ ያለ ኢንተርኔት (ኦፍላይን) ሁኔታ ብቻውን ይሠራል፤ ልምምዱ፣ ከኮምፒውተር ጋር ያለው ውድድር፣ የተገዙት ጥቅሎችም ጭምር። ስቲም ኦፍላይን የሚሆነው ግን አስቀድሞ በኢንተርኔት ተገብቶ ከሆነ ነው፤ መስመር ሳይጠፋ አንድ ጊዜ ከፍታችሁ ሞክሩት። ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ከመልቀም ቅናሽ ሲመጣ ሙሉውን ስብስብ መግዛቱ ይሻላል። የኮንሶሉ ስሪት ሞድም ፓችም ስለማይቀበል ከላይ ከተጻፈው ግማሹ ለእሱ አይሠራም።

የሆነ ነገር ሲበላሽ ቶሎ ብላችሁ ጌሙን አትሰርዙ። በስቲም በኩል የፋይሎቹን ትክክለኛነት አስመርምሩ፤ የተነካኩትን የኩኖስ ፋይሎች ብቻ መልሶ ያወርዳል፣ ሞዶቻችሁን ባሉበት ይተዋቸዋል። ከዚያ በኋላም ችግሩ ካለ ጥፋቱ ከሞዶቹ ወይም ከፓቹ ነው፤ በመጨረሻ ከጫናችሁት ጀምራችሁ አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ሞክሩ።