«ጠዋት ልገን ማታ ትገባላችሁ» የሚሏችሁን የፓርኬ አዳሾች ቀብድ ሳትሰጡ ይህን አንብቡ

«ፓርኬ በማሽን እንልጋለን፣ ሦስት እጅ ቫርኒሽ ቀብተን በአንድ ቀን እናስረክባለን፣ ሒሳቡ በካሬ።» ጎንደር ውስጥ የጣውላ ወይም የፓርኬ ወለል ያላችሁ ሁሉ እንዲህ ያለ ቅናሽ ሲቀርብላችሁ ቆም በሉ። ዋጋው የሚረክሰው ሥራው ስለሚጎድል ነው።

ቀኑን እንቁጠር። በዘይት የሚሠራው የወለል ቫርኒሽ (ፖሊዩሬታን የሚባለው) በአንዱና በሌላው እጅ መካከል ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይፈልጋል። በውሃ የሚቀጥነው ዓይነት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይበቃዋል፣ ግን ውድ ስለሆነ በርካሽ ሒሳብ አይመጣላችሁም። በአንድ ቀን ሦስት እጅ ጨረስን የሚል ሰው ይዞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ለቁምሳጥን የሚሆነውን፣ ናይትሮ የሚባለውን ቫርኒሽ ነው። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ይደርቃል፣ በርክክብ ቀን ያብረቀርቃል፣ ወንበር ሲጎተትበት ግን ነጭ መስመር እያወጣ ይፈረፈራል። ትክክለኛው የዘይት ቫርኒሽ ከመጨረሻው እጅ በኋላ ለእግር 24 ሰዓት፣ ለከባድ ዕቃ 3 ቀን፣ ለምንጣፍ ሁለት ሳምንት ይጠበቅለታል። ስለዚህ ለጥምቀት እንግዳ ምንጣፍ አንጥፎ መቀበል የሚፈልግ ሰው፣ የመጨረሻው እጅ ታኅሣሥ 27 ላይ ማለቅ አለበት።

ቀጥሎ ሊትሩን ያዙ፤ ሌባውም የሚያዘው እዚህ ነው። አንድ ሊትር ቫርኒሽ አንድ እጅ ሲቀባ 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል። 4 በ5 የሆነ ሳሎን 20 ካሬ ነው፤ ለሦስት እጅ 6 ሊትር ይሄዳል፣ የተላገ ደረቅ እንጨት ደግሞ የመጀመሪያውን እጅ አብዝቶ ይጠጣል። አንድ ባለ 4 ሊትር ቆርቆሮ ይዞ የመጣ ሰው ወይ ሁለት እጅ ብቻ ይቀባል፣ ወይ የጎደለውን በቲነር ይሞላዋል። ቆርቆሮው እንደታሸገ ይምጣ፣ ፊታችሁ ይከፈት፣ ባዶው እናንተ ጋ ይቅር። ውሉም «በካሬ ይህን ያህል» ብቻ አይበል፤ የቫርኒሹ ዓይነት፣ የእጁ ብዛትና ሊትሩ ይጻፍበት።

መላጉ ላይ የሚዘለለው ደግሞ የብርጭቆ ወረቀቱ ተራ ነው። በቁጥር 40 ይጀመራል፣ በ80 ይደገማል፣ በ120 ይጨረሳል፤ በመካከሉ አቧራው በደንብ ይጠረጋል። የሚቸኩለው ሰው በ40 ያሻክርና በቀጥታ ወደ ቫርኒሽ ይገባል። «ቫርኒሹ ይሸፍነዋል» ቢላችሁ አትመኑ፤ ቫርኒሽ ጭረትን ያጎላል እንጂ አይደብቅም። ቫርኒሽ ከመነካቱ በፊት ክፍሉን አጨልማችሁ የስልካችሁን መብራት ወለሉ ላይ አስተኝታችሁ አብሩ። ጭረቱም፣ ማሽኑ እየዞረ አንድ ቦታ ቆሞ የቦረቦረው ጎድጓዳም ጥላ ይጥላል። ጭረት በድጋሚ ይላጋል፤ የተቦረቦረው ግን ዙሪያው ካልወረደለት አይስተካከልም። እንጨቱም መጠን አለው፦ ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጣውላ፣ ከመጋጠሚያው ምላስ (ወደ ጎረቤቱ ጣውላ ከሚገባው ጠርዝ) በላይ ያለው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጣሊያን ጎንደርን በያዘበት ዘመን (ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም.) ከተሠሩት ቤቶች የጣውላ ወለሉ ያልተነሳ ካለ፣ ከዚያ ላይ ስንት ጊዜ እንደተላገ ማን ያውቃል? ደፉ ጋ ወይም የግድግዳው ግርጌ ዞኮሎ ተነቅሎ ውፍረቱ ይታይ፤ ብቅ ያለ ሚስማርም አስቀድሞ ወደ ውስጥ ይመታ። ላሚኔት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይላግም፤ ከላዩ የእንጨት ሥዕል ያለበት ወረቀት ነው። አንድ ዓይነት የእንጨት መስመር በየጥቂት ሜትሩ ከተደጋገመ ላሚኔት ነው።

እንዲያውም ብዙ ወለል መላግ አያስፈልገውም፣ ይህን ግን ሻጩ አይነግራችሁም። ሰው የሚመላለስበት ቦታ ላይ ሁለት ጠብታ ውሃ ጣሉ። ከ10 ደቂቃ በኋላም ድቡልቡል ብሎ ከቆየ ቫርኒሹ አለ፤ በቁጥር 120 ፈተግ አድርጎ አንድ እጅ መደረብ ይበቃል። ሰምጦ እንጨቱን ካጠቆረው መላግ አለበት። ነጭ ምልክት ከተወ ወለሉ ሰም የተቀባ ነው። ሰም ላይ የተደረበ ቫርኒሽ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል፤ መጀመሪያ ሰሙ በቲነርና በነጭ ጨርቅ፣ ጨርቁ ቢጫ ማንሳት እስኪያቆም ድረስ ይወልቅ።

በበጋ እንጨቱ ስለሚደርቅ ስንጥቁ ይሰፋል፣ በክረምት ያብጣል። በጥር ስንጥቁን ሁሉ በኮላና በሰጋቱራ ጠቅጥቆ «ደፈንኩት» የሚል ሰው፣ ሐምሌ ላይ ጣውላው ሲያብጥ የደፈነው ተጨፍልቆ ይወጣል። የሳንቲም ውፍረት የማይሞላ ስንጥቅ ባይደፈን ይሻላል።

ቫርኒሽ በሚቀባበት ቤት ከሰል አይቀጣጠል። የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ ምድጃውን ያገኘዋል፤ ቡናው ሠራተኞቹ እስኪወጡና ቤቱ እስኪናፈስ ግቢ ውስጥ ይፈላ። ትኩስ ቀጤማም ቢሆን አዲስ ቫርኒሽ ላይ አያድር፤ እርጥበቱ ሥሩ ታፍኖ ነጭ ደመና የመሰለ ነጠብጣብ ይተዋል።